ከኋላ የምትገፋ ዲኤክስ ይዤ ክረምት እየመጣ ነው፣ የጎማ ምክር ፈልጌ ነበር

የቢቸናው፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ሰኔ ሳይገባ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አምና አሮጌዋን ኮሮላ ዲኤክስ ገዛሁ። ሞተሯ ፊት ነው፣ የሚገፋት ግን የኋላ ጎማዋ ነው። የምሠራው ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ ነው። አስፋልቱን ከለቀቅሁ በኋላ 18 ኪሎ ሜትር ፒስታ አለ፣ ከዚያ ውስጥ የመጨረሻው 5 ኪሎ ሜትር ጠጠር ያልነካው ዋልካ ነው። በጋ ላይ ችግር የለም፣ አቧራ ነው፣ ይታለፋል። ክረምት ሲሆን ግን መንገዱ ሌላ ነው።

ባለፈው ነሐሴ አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ሄዶ ስለነበር ምጥ የጠናባትን እናት በእኔ መኪና ይዘን ወጣን። መንገድ ላይ ማጥ ውስጥ ገባን። የግራ የኋላ ጎማ ባዶውን ይሽከረከራል፣ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም። ከየማሳቸው የተጠሩ ጎረምሶች ናቸው ድንጋይና ቅጠል እያነጠፉ፣ ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ገፍተው ያወጡን። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። እናቲቱም ልጁም ደህና ናቸው፣ ተመስገን። ያቺ ሰዓት ተኩል ግን እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣችም።

አሁን ጎማ ልቀይር ነው። አቅሜ ለሁለት ጎማ ብቻ ነው። አንድ ሻጭ ከአውሮፓ የመጣ፣ ያገለገለ «የክረምት ጎማ» አለኝ አለ። ጎኑ ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ የበረዶ ቅንጣት ሥዕል አለበት። «ስሙ ራሱ የክረምት ነው፣ ለጭቃ ነው የተሠራው» አለኝ። ጥርሱም ደህና ይመስላል። ልውሰደው? ከወሰድኩስ ሁለቱን ፊት ላድርጋቸው ወይስ ኋላ?

የደምበጫ ልጅ፦

ወንድሜ፣ እንዳትገዛው። እኔ ጀርመን አገር ነው የምኖረው፣ የምነዳትም እንደ አንተ ከኋላ የምትገፋ መኪና ናት፣ ያን ጎማ በየዓመቱ ስለማስገባው በደንብ አውቀዋለሁ። ሻጩ ዋሽቶህ ላይሆን ይችላል። ያሳሳተው ቃሉ ነው። የእነሱ ክረምትና የእኛ ክረምት ስም ብቻ ነው የሚጋሩት።

የእነሱ ክረምት ብርድ ነው። ተራ ጎማ ሲበርደው ይደርቅና መንገዱን መያዝ ያቅተዋል። ብዙ ጊዜ እንደ መነሻ የሚነገረው 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ ከዚያ በታች ሲወርድ የክረምት ጎማ ይሻላል ይባላል። ስለዚህ ብርድ እንዳያደርቀው ለስላሳ አድርገው ይሠሩታል። ጥርሱ ላይ ደግሞ በምላጭ የተበጡ የሚመስሉ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት። በረዶውን የሚነክሱት እነሱ ናቸው። እዚህ ሰው ከኦክቶበር እስከ ፋሲካ ያደርገውና ያወልቀዋል፣ በጋ ላይ አይነዳበትም። እኛ ጋ ሐምሌ ምንም ቢበርድ ቀኑን ከ7 ዲግሪ በላይ ነው።

አንተ ጋ ምን ይሆናል? እነዚያ ስንጥቆች በዋልካ ይደፈናሉ። አንዴ ከተደፈኑ ጎማህ ሙልጭ ካለው ጎማ አይለይም። አዲስ አበባ መሄድ ቢኖርብህ ደግሞ ደጀንን አልፈህ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ያ ለስላሳ ጎማ በሙቀቱ የበለጠ ይላላል፣ ቶሎ ይበላል፣ ፍሬን ስትይዝ ለመቆም ይዘገያል። ያ ቁልቁለት ላይ ይህን ለማንም አልመኝም።

ሌላም ነገር አለ። ለምን እንደተጣለ አስበኸዋል? አዲስ ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ኦስትሪያ ውስጥ የክረምት ጎማ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ በሕግ እንደ ክረምት ጎማ አይቆጠርም፣ ጀርመንም ቢሆን አዋቂዎቹ 4 ላይ ቀይሩ ይላሉ። ስለዚህ አንተ ጋ የደረሰው እዚህ ግማሽ ዕድሜውን ጨርሶ የወለቀው ሊሆን ይችላል። ጎኑ ላይ «ኤም» እና «ኤስ» የሚሉ ፊደሎች ካየህም አትታለል። ጭቃና በረዶ ለማለት ነው፣ ግን ፈተና አልፎ የተሰጠው ማረጋገጫ አይደለም፣ አምራቹ ራሱ ነው የሚያትመው። ጀርመን እንኳ በፈረንጆቹ ከ2024 ኦክቶበር ወዲህ ያ ምልክት ብቻውን ያለበትን ጎማ ለበረዶ መንገድ አትቀበልም።

ጎማ ቤት ማርቆስ፦

የደምበጫው ወንድማችን ጨርሶታል። እኔ ሥራዬ ጎሚስታ ነው፣ የምጨምረው ዕድሜውን ነው። ያገለገለ ስትገዛ ጥርሱን ብቻ አትይ። ጎኑ ላይ በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ አራት ቁጥር አለ። 2319 ቢል በ2019 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠራ ማለት ነው። ዓመቱ የፈረንጅ ነው! በእኛ 2011 መሆኑ ነው። መጨረሻው ላይ 10 የሚለውን አይቶ «የ2010 ነው፣ ብዙ አልቆየም» ብሎ ገዝቶ የመጣ ደንበኛ ነበረኝ። በእኛ 2002 ነበር። ስምንት ዓመት ተበላ። ጎማው አላለቀም ነበር፣ ግን ደርቆ ጎኑ ላይ ክር ክር የሚል ስንጥቅ አውጥቶ ነበር። እንዲህ ያለው እርጥብ መንገድ ላይ አይይዝም፣ ጭነት ሲበዛበትም ይፈነዳል። 10 ዓመት ያለፈውን በነፃ ቢሰጡህ እንኳ ተወው።

ለአንተ የምመክረው ሁለት ያገለገለ ከመግዛት ሁለት አዲስ ግዛ። ዲኤክስ ባለ 13 ኢንች ቸርኬ ናት፣ የጎማው ስፋት 155 ወይም 165 ሚሊ ሜትር ይበቃታል። ከልኩ ቀጥሎ «ሲ» የሚል ፊደል ያለበትን ፈልግ። ለቀላል ጭነት የተሠራ ነው፣ ጎኑ ጠንካራ ነው፣ የፒስታው ድንጋይ ቶሎ አይቀደውም። ጥርሱም ከቤት መኪናው ጎማ ሻከር ይላል። ሰፊ ጎማ ያምራል ብለህ እንዳትገባበት።

ፊት ወይስ ኋላ ላልከው፣ ኋላ። የአንተ መኪና የምትገፋው ከኋላ ነው፣ ጉልበቱ ያለው እዚያ ነው። የፊት ጎታች ለሆነ መኪናም ቢሆን አዲሱ ኋላ ቢሆን ይሻላል፣ ምክንያቱም እርጥብ ኩርባ ላይ ኋላው ከሸሸ መኪናው ይዞርብሃል።

የእንጅባራዋ፦

ኋላ የሚለው ልክ ነው፣ ግን እንዲህ በአጭሩ አይለፍ። እኔ ድንች የምጭንባት ፒክአፕ አለችኝ፣ እሷም የምትገፋው ከኋላ ነው። ካቻምና ምክሩን ሰምቼ ኋላ ሁለት ትልልቅ ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ አስገባሁ፣ የፊቶቹን «ገና ይሠራሉ» ብዬ ተውኳቸው። ሙልጭ ብለው ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ወደ ቻግኒ ስወርድ ዝናብ እየጣለ አንድ ኩርባ ላይ መሪውን አጠፍኩ፣ መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ ሄደች። ኋላው በደንብ ይገፋል፣ ፊቱ የሚይዘው የለውም። የውኃ መውረጃው ቦይ ባይዘኝ ከዚያ ወዲያ ገደል ነው። ልጄ አጠገቤ ነበረች።

ስለዚህ ወንድሜ፣ አዲሶቹን ኋላ አድርግ፣ የፊቶቹን ግን ሳትለካ እንዳትተዋቸው። ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ነው የሚመጣው፣ መሪውም እዚያው ነው። የክብሪት እንጨት ጥርሱ መሐል አስገብተህ በጥፍርህ ምልክት ያዝና በማስመሪያ ለካው። አውሮፓ ዝቅተኛው በሕግ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው አሉ፣ ለእኛ ዝናብ ግን 3 ከሌለው እኔ ዛሬ አልነዳበትም። ለሁለት ብቻ ነው አቅሜ ካልክ፣ ካሉህ አራት ውስጥ የተሻሉትን ሁለት መርጠህ ፊት አድርጋቸው።

ደግሞ ክብደት። የእኔ ድንች ስጭን ቀይ አፈሩን ዳገት ቀጥ ብላ ትወጣዋለች። ባዶ ስትሆን ግን ቂጧን እየወዘወዘች ነው። የአንተም ዲኤክስ ሞተሯ ፊት ስለሆነ ኋላው ቀላል ነው። ሁለት ጆንያ አሸዋ የኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ፣ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ አስጠግተህ አስቀምጥ፣ እንዳይንከባለል እሰረው። ብትቀረቀርም አሸዋው ራሱ ጎማ ሥር ይበተናል።

አሮጌ ሹፌር፦

ልጄ፣ እኔ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ይዤ ከሞጣና ከቢቸና ጤፍ ስጭን ነው ያረጀሁት። ኤንትሬም የሚገፋው ከኋላ ነበር። የተናገሩህ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን ከጎማው በፊት መንገድህን ለይ። ድጥ ነው ወይስ ማጥ? ዛሬ ሰው ሁለቱንም ጭቃ ብሎ ያልፋቸዋል። «ከድጡ ወደ ማጡ» ሲባል እኮ ሁለቱ ስለሚለያዩ ነው።

ድጥ ሥሩ ጠንካራ ነው፣ የሚያንሸራትተው ላዩ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ቀጭን ጎማ ነው የሚሻለው፣ ላዩን ቆርጦ ታች ያለውን ጠጠር ይነካዋል። ንፋሱም ልክ ይሁን። ማጥ ግን ሥር የለውም፣ ይውጥሃል። ዋልካ ሲርስ እንደ ሊጥ ነው፣ ጎማ ላይ ይጋገራል። ጥርሱ የተቀራረበ ከሆነ ጭቃው መሐል ገብቶ አይወጣም፣ ጎማህ ኳስ ይሆናል። ጥርሱ ከተራራቀ ግን ጎማው ሲዞር ጭቃውን እየወረወረ ራሱን ያጸዳል። አንዳንዱ ጥርስ አቅጣጫ አለው፣ ጎኑ ላይ ቀስት ታያለህ። በግልባጭ ከተገጠመ ጭቃውን አይወረውርም፣ ጎሚስታው ሲገጥም ቆመህ እይ።

የአንተ መንገድ 13ቱ ድጥ ነው፣ 5ቱ ማጥ። ለ5 ኪሎ ሜትር ብለህ ትልቅ የጭቃ ጥርስ ብታስገባ አስፋልቱ ላይ ይጮህብሃል፣ እርጥብ አስፋልት ላይም ፍሬን አይይዝልህም። ጎማ ቤቱ ያለህን መካከለኛውን አድርግና ለ5ቱ ሰንሰለት ግዛ። ኋላዎቹ ላይ ብቻ ነው የሚታሰረው። ከማጡ በፊት ደረቅ ቦታ ቆመህ እሰር፣ ከገባህ በኋላ ማሰር መከራ ነው። ስታስር የጎማው መከለያ እንዳይነካው እይ፣ ፒስታው ጠንከር ሲል ደግሞ ፍታው።

አነዳድህም አለ። በሁለተኛ ማርሽ ተነሣ፣ በአንደኛ ጉልበቱ በዝቶ ጎማው ባዶውን ይዞራል። የዚያን ዕለት ግራው ብቻ የዞረው ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ጉልበት የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ጉልበቱን ቀላል ወደሆነለት ጎማ ስለሚልከው ነው። እንዲህ ሲሆን የእጅ ፍሬኑን ትንሽ፣ ሁለት ሦስት ጥርስ ያህል ሳብ አድርገህ ቀስ ብለህ ነዳጅ ስጥ። የእጅ ፍሬንህ የሚይዘው የኋላዎቹን ነው፣ የሚዞረውን ሲከለክለው ጉልበቱ ወደ ሌላኛው ይሄዳል። ስንት ጊዜ አውጥቶኛል። ቁልቁለት ድጥ ላይ ደግሞ ማርሽ በድንገት አትቀንስ። ሞተሩ የሚይዘው የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ስለሆነ ኋላው ይሸሽብሃል። ከላይ ሳለህ ቀንሰህ ውረድ።

የቢቸናው፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም። እንዲህ በዝርዝር ይመልሱልኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ዛሬ ጠዋት በክብሪት እንጨት ለካሁ። የፊት ግራው 3፣ የፊት ቀኙ 2 ነው። ኋላ ያሉት ደግሞ ሁለቱም 4 አካባቢ ናቸው። ስለዚህ እነዚህን ወደ ፊት አምጥቼ ሁለት አዲስ ኋላ ላስገባ ነው። የኋላዎቹን ቁጥር አየሁት፣ መጨረሻው 18 ነው፣ በእኛ 2010 መሆኑ ነው። ገና ይቆያሉ ብዬ ልያዛቸው? የአውሮፓውን ለሻጩ አልፈልግም አልኩት።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ማጥ ላይ ንፋስ መቀነስ ይረዳል የሚሉ ሰዎች አሉ። እውነት ነው?

ጎማ ቤት ማርቆስ፦

ጎኑ ካልተሰነጠቀ ይህን ክረምት ይዘልቁልሃል፣ የመጪውን ዓመት ግን አልፈርምልህም። ይዘሃቸው ና፣ አብረን እንይ። የፊት ቀኙ ብቻውን የተበላው ደግሞ አላይመንቷ (የጎማዎቿ አቀማመጥ) ስለተዛባ ሊሆን ይችላል። እሱን ሳናስተካክል ጎማ ብንቀይር የደህናዎቹንም ይበላቸዋል።

ንፋሱን በተመለከተ አዎ፣ ይረዳል። በንፋስ መለኪያው 30 ፒኤስአይ የምትሞላ ከሆነ ማጡ ጋ ስትደርስ ወደ 20 ብታወርደው ጎማው ተዘርግቶ ብዙ መሬት ይይዛል። ግን ቀስ ብለህ ንዳ፣ ኩርባ ላይ በኃይል አትጠምዝዝ፣ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። ማጡን እንዳለፍክ መልሰህ ሙላ። እንዲሁ አስፋልት ላይ ከወጣህበት ጎማው ግሎ ይበላሻል። ስለዚህ የእግር ፓምፕ መኪና ውስጥ ከሌለህ ንፋስ አትቀንስ።

የቢቸናው፦

ፓምፕ አለኝ። ሰንሰለቱን ነው የማፈላልገው። ትናንት ማታ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ፣ ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ እመጣለሁ።