የአራት ወር ደመወዜን እንዴት ላስከፍል? የሕግ ሰዎች እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ፤ ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። አዲስ አበባ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ማታ ማታ መጠጥ አስተናግዳለሁ፣ ከደንበኛ ጋርም እወጣለሁ። በወጣሁ ቁጥር ለባለቤቱ 200 ብር እከፍላለሁ። የተሰበረ ብርጭቆ፣ የቀረሁበት ቀን፣ ሁሉም ከባንኮኒው ሥር ባለች ሰማያዊ ደብተር ይጻፋል። ታምሜ ሦስት ቀን ስተኛ እንኳ ስሜ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ቀሪ» ተብሎ አይቻለሁ።

ቤቱ ባለፈው ወር ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ የአራት ወር ደመወዜ አልተከፈለኝም ነበር። ስጠይቀው «አንቺም ሠራተኛ ነኝ ትያለሽ?» አለኝ። አንጀቴ ነው የተቃጠለው። ወለል ያጸዳሁት፣ የቢራ ሳጥን የተሸከምኩት፣ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት የቆምኩት ሥራ ካልሆነ ምንድን ነው? ከደንበኛ መውጣቴም ልጄን ያሳደግኩበት ሥራዬ ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የቃል ውልም ውል ነው፤ የደመወዝ ጥያቄ ግን በ6 ወር ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል። ያልተከፈለኝ የመጀመሪያው ወር ደመወዝ ጊዜው ሊያልፍብኝ ነው።

ክሱን በአስተናጋጅነቱ ብቻ ላቅርብ ወይስ ሁሉንም ልናገር? በሌላ ሰው ገላ ማትረፍ በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል፤ ታዲያ ስወጣ የከፈልኩትን ማስመለስ ይቻላል? ደብተሩ እሱ ጋ ነው፣ ሁለት የሥራ ጓደኞቼ ግን ሊመሰክሩልኝ ፈቅደዋል። ችሎቱ በዝግ እንዲሆንልኝስ እንዴት ልጠይቅ? እናቴ አታውቅም። በዚህ ያለፋችሁ እህቶች፣ የሕግ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ መልሱልኝ።