የወር ቁጠባ ምዝገባን በብራውዘር ኤክስቴንሽን ስለማቅለል፦ ለጋራ ፕሮፖዛል የዕቅድ ውይይት

ደብረ ማርቆስ (ጸሐፊ)፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው እኛ የስድስት ከተማ ሒሳብ ሠራተኞች ስንገናኝ የየማኅበራችንን አባላት የወር ቁጠባ ወደ ዩኒየኑ (የማኅበራቱ ኅብረት) ድረ ገጽ የማስገባቱን ሥራ የሚያቀል ሐሳብ በጋራ ጽፈን እናቅርብ ብለን ነበር። ረቂቁን ጀምር ስላላችሁኝ ይኸው።

ሥራውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ትናንት ሰዓት ይዤ ለካሁት። የአባል ቁጥር ይጻፋል፣ "ፈልግ" ይባላል፣ ገጹ እስኪከፈት ይጠበቃል። ከዚያ የግዴታ ቁጠባ፣ የፍቃደኝነት ቁጠባ፣ ዕጣ (የአባሉ የአክሲዮን ድርሻ)፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ ቀን። "መዝግብ"። ተመልሶ ሌላ አባል። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ገደማ ወሰደብኝ። ለ200 አባል አሥር ሰዓት ማለት ነው። የሚያንገበግበኝ ደግሞ ቁጥሩ ሁሉ ቀድሞ ኤክሴል ላይ መጻፉ ነው። አንዱን ሥራ ሁለቴ እየሠራን ነው።

ያሰብኩት አውቶማ የሚባለውን ኤክስቴንሽን ነው፤ ብራውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ማለት ነው። ነጻ ነው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። በክሮምም በፋየርፎክስም ይሠራል። ፕሮግራም መጻፍ አይጠይቅም። "ገጽ ክፈት"፣ "እዚህ ተጫን"፣ "እዚህ ጻፍ" የሚሉ ሳጥኖችን በመስመር ማያያዝ ነው። ከሰንጠረዥ እያነበበ አንዱን ረድፍ ሲጨርስ ወደ ሌላው ይሄዳል። አንዳችን የሠራነውን በፋይል አውጥተን ለሌሎቻችን መላክ እንችላለን። እስቲ ሐሳባችሁን ጣሉበት።

ቡሬ፦

እኔ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ሰኔ 30 በደረሰ ቁጥር እስከ ሌሊት ቢሮ ማምሸት ሰልችቶኛል። ማታ አስጀምሮ ጠዋት ተሠርቶ ማግኘት ከተቻለ ምን እንጠብቃለን? ፕሮፖዛሉ አንድ ገጽ ይሁንና በዚህ ሳምንት ይግባ።

ደጀን፦

ልጆቼ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን እኔ ይህን ነገር ቀምሼዋለሁና የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ሳለሁ፣ ፋየርፎክስ ላይ አይማክሮስ የሚባል ኤክስቴንሽን ነበረኝ። አንድ አባል በእጄ ስሞላ ይቀዳዋል፤ ከዚያ ራሱ ይደግመዋል። ብዙ ወር በሰላም ሠራ። አንድ ቀን የድረ ገጹ ባለቤቶች ቅጹ ላይ አንድ አዲስ ሳጥን ጨመሩ። እኔ አላየሁም። የእኔ ቅጂ ደግሞ ሳጥኑን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በተራው ነበር፤ "አራተኛው ሳጥን" ብሎ። አራተኛው አሁን ሌላ ሆኗል። የ23 ሰዎች የግዴታ ቁጠባ ፍቃደኝነት ላይ ገባ።

ልብ በሉ፣ ጠቅላላ ድምሩ ልክ ነበር። ብሩ አልጎደለም፣ ቦታውን ብቻ ነው የቀየረው። እኔም ድምር አስተያይቼ፣ ተስማማ ብዬ፣ ዘግቼ ወጣሁ። የታወቀው አንዲት እናት ብድር ሊጠይቁ መጥተው "የግዴታ ቁጠባዎ አልሞላም" ሲባሉ ነው። ደረሰኛቸውን ከመቀነታቸው ፈተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። ያን ቀን ያፈርኩትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። አንድ በአንድ ለማስተካከል አራት ቀን ፈጀብኝ።

ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ውስጥ ሁለት ነገር ይግባልኝ። አንደኛ፣ ሳጥን የሚለየው በገጹ ኮድ ውስጥ ባለው ስሙ ነው እንጂ በተራው አይደለም። ሳጥኑ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ "ኢንስፔክት" ብትሉ ስሙ ይታያል። ሁለተኛ፣ የሚመሳከረው ድምር የእያንዳንዱ ዓምድ ለብቻው ይሁን።

ደብረ ማርቆስ፦

ጋሼ፣ አንቱ ባይነግሩን እኛም ጠቅላላውን ብቻ አይተን ነበር የምንዘጋው። ሁለቱም ይገባሉ። አይማክሮሱን ለምን ተዉት ግን?

ደጀን፦

ያን ስህተት አስተካክዬ ቀጥዬ ነበር። በኋላ ፋየርፎክስ 57 በኅዳር 2010 ሲወጣ የድሮዎቹን ኤክስቴንሽኖች መቀበል አቆመ። አይማክሮስም ቢሆን እንደ ቀድሞው አልሆነልኝም። በእጅ የሚሠራበትን ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ያልጻፈ ሰው ያኔ ተቸገረ። እኛም አሠራሩን በወረቀት እናስቀምጥ። ነገ አውቶማም ሊቋረጥ ይችላል።

ሞጣ፦

እኔን የሚያሳስበኝ መብራት ነው። ኤክስቴንሽን የሚሠራው ብራውዘሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። ላፕቶፑ ከተኛ እሱም ይቆማል። የቡሬው ወንድሜ ማታ አስጀምሬ ልተኛ ያለው እኛ ጋ አይሆንም። 87ኛው ሰው ላይ መብራት ቢሄድ ጠዋት ከየት እጀምራለሁ? ከአንድ ብጀምር 86 ሰው ሁለቴ ሊመዘገብ ነው።

መፍትሔ ያልኩትን ሞክሬዋለሁ። ሰንጠረዡ ላይ "ተመዝግቧል" የሚል ዓምድ ጨመርኩ። ከ"መዝግብ" በኋላ ገጹ ላይ "በትክክል ተመዝግቧል" የሚለው ጽሑፍ ሲወጣ ብቻ እዚያ ዓምድ ላይ ይጻፋል። ሲጀምር ደግሞ ያ ዓምድ ባዶ የሆነበትን ረድፍ ብቻ ይወስዳል። የቆመበት ረድፍ ላይ ያለውን አንድ ሰው ብቻ ገጹን ከፍቼ በዓይኔ አያለሁ።

ኔትወርኩም አለ። መጀመሪያ "ሦስት ሰከንድ ጠብቅ" ብዬው ነበር። ኔት ሲንቀራፈፍ ገጹ ሳይከፈት መጻፍ ይጀምርና ባዶ ይመዘግባል። "ሳጥኑ እስኪታይ ጠብቅ" ወደሚለው ስቀይረው ተስተካከለ። ሰከንድ መቁጠር ለእኛ አገር ኔት አይሠራም።

ፍኖተ ሰላም፦

ስለ ደኅንነቱ ልጨምር። እንዲህ ያለ ኤክስቴንሽን ሲጫን ብራውዘሩ ፈቃድ ይጠይቃል፦ በምትጎበኟቸው ድረ ገጾች ሁሉ ያለውን መረጃ ማንበብና መለወጥ ይችላል ይላል። ብዙዎቻችን ሳናነብ "እሺ" እንላለን። ያ ማለት የባንክ ገጽ ብንከፍትም ያያል ማለት ነው።

ዛሬ ጥሩ የሆነ ነገም ጥሩ ነው ማለት አይቻልም። ግሬት ሰስፔንደር የሚባል፣ ብዙ ሰው የሚወደው ኤክስቴንሽን ነበር። ባለቤቱ ለሌላ አስተላለፈው። ከዚያ ውስጡ አጠራጣሪ ኮድ ተገኘበትና ጉግል በፌብሩዋሪ 2021 ከክሮም አወጣው። ተጠቃሚው ምንም አላጠፋም፤ አፕዴቱ በራሱ ነው የመጣው።

ስለዚህ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን የተለየ የብራውዘር ፕሮፋይል (የራሱ ኤክስቴንሽንና መግቢያ ያለው ለብቻው የሆነ ክፍል) እንክፈት። እዚያ ውስጥ ኢሜይልም ባንክም አይከፈትም። ክሮም ላይ የኤክስቴንሽኑን ፈቃድ በአንድ ድረ ገጽ ብቻ መወሰን ይቻላል፤ እንወስነው። ፓስወርድ ደግሞ በፍጹም የአውቶማ ሳጥኖቹ ውስጥ አይጻፍ። ፋይሉን ለሌላ ስንልክ አብሮ ይሄዳልና። መግባቱን ሰው በእጁ ይግባ።

የአባላት ስም፣ ስልክ፣ የብድር ሁኔታ የሰው ገመና ነው። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዋጁ ባይኖርም ሰው አምኖ የሰጠንን መጠበቅ የእኛ ነው።

ብቸና፦

ሁላችሁም ስለ ኤክስቴንሽኑ ነው የምታወሩት። እኔ የፈራሁት ኤክሴላችንን ነው። ባለፈው የሦስታችንን ፋይል አንድ ላይ ለማድረግ ሞክሬ ያየሁትን ልናገር።

የስልክ ቁጥሩ ሁሉ መጀመሪያው ላይ ያለውን ዜሮ አጥቷል። 09 የነበረው 9 ብሎ ይጀምራል። ኤክሴል ቁጥር ነው ብሎ ስላሰበው ነው። ዓምዱ ከመጻፉ በፊት "ጽሑፍ" ተብሎ መመረጥ አለበት። ፋይሉ ወደ ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የሚለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) ሲቀየር ደግሞ የአማርኛው ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነ። ሲቀመጥ "ዩቲኤፍ 8" የሚለው የፊደል አቀማመጥ ካልተመረጠ ፊደላችን ይጠፋል።

ስሙም ራሱ አንድ አይደለም። አንዱ "ኃይሌ" ብሎ ጽፏል፣ አንዱ "ሀይሌ"፣ አንዱ "ሃይሌ"። እኛ ስናየው አንድ ሰው ነው። ኮምፒውተር ግን ሦስት ሰው ነው የሚያየው። በስም ፈልግ ብንለው ግማሹን አያገኝም። ከዚያ የከፋው ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ሰው ማግኘቱ ነው። ስለዚህ ፍለጋው በአባል ቁጥር ብቻ ይሁን። ገጹ ከተከፈተ በኋላ ግን ስሙ ለማመሳከር ይነበብ።

ቀኑን አትርሱ። ቅጹ የፈረንጅ ቀን ነው የሚቀበለው። ደረሰኛችን በእኛው ነው። ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ነው። ይህን በእጅ ስንሞላ በልምድ እናደርገዋለን። ማሽኑ ግን ሐምሌ 1ን እንዳለ ወስዶ ጁላይ 1 ያደርገዋል። ያ ደግሞ የእኛ ሰኔ 24 ነው፣ የበጀት ዓመቱ ሳይዘጋ ማለት ነው። ጳጉሜን ላይማ ጭራሽ አያውቀውም። ቅየራው ሰንጠረዡ ላይ ቀድሞ ይለቅ።

በእኔ በኩል የመጀመሪያው ወር ሥራ ሰንጠረዡን ማጽዳት ብቻ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሁላችንም አንድ ዓይነት ዓምድ፣ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል።

ቡሬ፦

በዚህ ሳምንት ይግባ ያልኩትን አንስቻለሁ። የብቸናውን ሳነብ የራሴን ፋይል ከፈትኩ። ዜሮው የለም።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። "መዝግብ" የሚለውን ማን ይጫን? ሰው ይጫን ካልን ምን ተረፈን?

ደጀን፦

ሰው ይጫን። የሚያደክመን መጫኑ አይደለም፤ መጻፉ ነው። ስድስት ሳጥን መሙላት፣ ከኤክሴል ወደ ገጹ፣ ከገጹ ወደ ኤክሴል ዓይን ማመላለስ። እሱን ማሽኑ ይሥራልን። ተሞልቶ ሲቆም ስሙንና ብሩን ከደረሰኙ ጋር አይቶ መጫን የአሥር ሰከንድ ነገር ነው። የሰው ገንዘብ ነው ልጄ። ሳይቃጠል በቅጠል።

ሞጣ፦

ጋሼ ባሉት እስማማለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ዩኒየኑን አንድ ነገር እንጠይቅ። የኤክሴል ፋይል በአንድ ጊዜ የሚጫንበት ቦታ ድረ ገጹ ላይ ሊሠሩልን ይችላሉ ወይ? ከቻሉ ኤክስቴንሽንም አያስፈልገንም። ካልቻሉም በእኛ በኩል በኤክስቴንሽን እንደምንሞላ ይወቁ፣ ይፍቀዱልን። የሰው ቤት በር ሳናንኳኳ አንግባ። ቅጹን ሲቀይሩም ቀድመው ይነግሩናል።

ደብረ ማርቆስ፦

እህቴ፣ ይህ መጀመሪያ መጻፍ የነበረበት ነው። እንዲህ አድርጌ አስተካከልኩት፦

"እኛ ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ፣ ከደጀን፣ ከሞጣ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከብቸና የተውጣጣን ሒሳብ ሠራተኞች የአባላት ቁጠባ በፋይል የሚጫንበት መንገድ ድረ ገጹ ላይ እንዲዘጋጅልን እንጠይቃለን። ይህ እስኪሆን ቅጹን በብራውዘር ኤክስቴንሽን ለመሙላት እንዲፈቀድልን እንጠይቃለን። ቅጹ ሲቀየር አስቀድሞ ይነገረን። ሥራው የሚጀመረው የሁላችን ሰንጠረዥ በአንድ መልክ ተስተካክሎ ሲያልቅ ነው። በየማኅበሩ መጀመሪያ በአምስት አባል ይሞከራል። ኤክስቴንሽኑ ለዚህ ብቻ በተከፈተ ፕሮፋይል፣ በአንድ ድረ ገጽ ላይ ብቻ ይሠራል። ይሞላል እንጂ አይመዘግብም፤ ሠራተኛው ከደረሰኙ ጋር አመሳክሮ ይመዘግባል። በቀኑ መጨረሻ የየዓምዱ ድምር ለየብቻ ይታያል። በእጅ የሚሠራበት ቅደም ተከተል ተጽፎ በየቢሮው ይቀመጣል።"

የጎደለ ካለ እስከ ዓርብ ንገሩኝ።

ፍኖተ ሰላም፦

"የሠራተኛው ፓስወርድ በፋይሉ ውስጥ አይቀመጥም" የሚለው ቀርቷል። ጨምርልኝ።

ብቸና፦

"የየዓምዱ ድምር ይታያል" ከምትል "ይታያል፣ ሁለት ሰው ይፈርምበታል" በልልኝ። የሰንጠረዡን ናሙና እኔ አዘጋጃለሁ። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ቢሮ ሰው ይበዛል፤ እሑድ ከሰዓት እልክላችኋለሁ።