አይጂጂ1 (አንዱ የፀረ-አካል ክላስ) ከ5 ከመቶ አልፎ አልሄድ አለኝ፤ ቢ ሴሎቹ ምን ጎደላቸው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከሲ57ብላክ6 አይጥ ጣፊያ የለየኋቸውን ቢ ሴሎች (ፀረ-አካል የሚሠሩ ነጭ የደም ሴሎች) በሚሊ ሊትር 25 ማይክሮግራም ኤልፒኤስ (ሴሎቹን የሚያነቃቃ የባክቴሪያ ቁስ) እና 20 ናኖግራም አይኤል-4 (በሴሎች መካከል መልእክት የሚያደርስ ፕሮቲን) ሰጥቼ 4 ቀን አቆያቸዋለሁ። ከአይጂኤም ወደ አይጂጂ1 የሚሻገሩት ከ5 ከመቶ አይበልጡም። አብዛኞቹ በሕይወት አሉ፤ ቁጥራቸው ግን አይጨምርም። በአይኤል-4 ፋንታ ሌላውን መልእክተኛ ፕሮቲን ኢንተርፌሮን ጋማን ስጨምር ደግሞ አይጂጂ2ኤ ጨርሶ አይታይም። ሚዲያው (ሴል ማሳደጊያ ፈሳሹ) አርፒኤምአይ ከ10 ከመቶ ሴረምና ከአንቲባዮቲክ ጋር ነው፤ የምጀምረው በሚሊ ሊትር 2 ሚሊዮን ሴል ነው። ለክላስ ቅየራው የሚያስፈልገው ኤአይዲ ኤንዛይም አልሠራ ብሎ ይሆን?

ሴል አርቢ፦ ኤአይዲን ከመጠርጠርዎ በፊት ሴሎቹ መከፋፈላቸውን ይዩ። አይጂጂ1 በደንብ የሚታየው ከ3ኛው ክፍፍል ገደማ ጀምሮ ነው። ሚዲያዎ ውስጥ 2-መርካፕቶኤታኖል አልጠቀሱም፤ የአይጥ ቢ ሴል ያለ እሱ በቅጡ አይባዛም። 14.3 ሞላር ከሆነው ጠርሙስ 35 ማይክሮ ሊትር ወስደው በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበጥብጡ (መርዛማ ነውና ጭስ ማውጫው ሥር)። ከብጥብጡ 0.5 ሚሊ ሊትር በ500 ሚሊ ሊትር ሚዲያ ሲገባ 50 ማይክሮሞላር ይሆናል። 2 ሚሊዮንም ይበዛል፤ በ0.5 ሚሊዮን ይጀምሩ። ሚዲያው ቢጫ ሳይሆን በ2ኛው ቀን ለሁለት ይክፈሉት፤ የሚጨምሩት ሚዲያም ኤልፒኤስና አይኤል-4 ይኑረው።

ፍሎው ላይ፦ አይጂጂ2ኤ አለመታየቱ የካልቸር (የሴል እርባታው) ጥፋት አይደለም። ሲ57ብላክ6 የአይጂጂ2ኤ ዘረመል የለውም፤ በቦታው ያለው አይጂጂ2ሲ ነው። ማቅለሚያ ፀረ-አካሉን ይቀይሩ። የሞተ ሴል ማቅለሚያና የኤፍሲ ተቀባይ መከለያም (ማቅለሚያው ያለ ቦታው እንዳይጣበቅ የሚከላከለውን) አይርሱ፤ የሞተ ሴል ሁሉንም ቀለም ይይዛል።

ዘረመል፦ ቢባዙም ካልተቀየሩ፣ በ48 ሰዓት አርኤንኤ አውጥተው በኪውፒሲአር (የአርኤንኤ መጠን መለኪያ ዘዴ) ሁለት ነገር ይለኩ፦ የጋማ1 (የአይጂጂ1 ዘረመል) ጀርምላይን ትራንስክሪፕት፣ ማለትም ከቅየራው በፊት ከቦታው የሚገለበጠውን አርኤንኤ፣ እና የኤአይዲ መልእክተኛ አርኤንኤ። የትኛው ክላስ እንደሚመረጥ የሚወስነው ኤአይዲ አይደለም። አይኤል-4 ስታት6 በተባለ ፕሮቲን በኩል ከጋማ1 በፊት ያለውን ፕሮሞተር (የዘረመል ማስነሻ) ያስነሳል፤ ያ ቦታ ወደ አርኤንኤ ሲገለበጥ የስዊች አካባቢው (ለክላስ ቅየራ የሚቆረጠው) ዲኤንኤ ነጠላ ክር ሆኖ ይጋለጣል፤ ኤአይዲ እዚያ ገብቶ ሳይቶሲንን ወደ ዩራሲል ይቀይራል። ስለዚህ ኤአይዲ ኖሮ ትራንስክሪፕቱ ከጠፋ አይኤል-4 ሞቷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ማቅለጥና ማቀዝቀዝ ነው የሚገድለው። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ማነቃቃቱ ደካማ ነው። ሁለቱም ደህና ሆነው አይጂጂ1 ከሌለ የተቆረጠውን ዲኤንኤ የሚቀጥለውን የጥገና መስመር ይፈትሹ፤ 53ቢፒ1 የተባለው የጥገና ፕሮቲን የሌላቸው ቢ ሴሎች ለምሳሌ እንዲህ ናቸው። ለንጽጽር ኤልፒኤስ ብቻ የተሰጠ የማሳደጊያ ሳህን ጉድጓድ ይያዙ፤ እዚያ የሚጠበቀው አይጂጂ3 እና አይጂጂ2ቢ ነው። አይጂጂ1 በርከት ብሎ ከታየ ማቅለሚያዎ ያልሆነ ነገር እየያዘ ነው።