የሰጪው ስም በማይክ ይጠራ ወይስ አይጠራ? (ክርክር)

አወያይ፦ በንግሥ በዓልና በሕንፃ ማሠሪያ ጉባኤ ላይ የሰጪው ስምና ያዋጣው ብር በድምፅ ማጉያ ይነበባል፤ እልልታና ጭብጨባ ይከተላል። አንዳንዶቻችሁ «ሌላውን የሚያነሣሣ ምስክርነት ነው» ትላላችሁ፤ ሌሎቻችሁ «ጌታ በማቴዎስ 6 ምጽዋት ሲሰጥ እንዳይነፋ የከለከለው መለከት ይኸው ነው» ትላላችሁ። ደብር ወይም ሰው በስም አትጥቀሱ። የየራሳችሁን ገጠመኝ ትታችሁ ማስረጃና አሠራር አቅርቡ።

የሕንፃ ኮሚቴ፦ እኔ ይጠራ ባይ ነኝ። «መልካሙን ሥራችሁን አይተው በሰማያት ያለውን አባታችሁን እንዲያከብሩ ብርሃናችሁ በሰው ፊት ይብራ» ያለው ራሱ ጌታ ነው፤ ማቴዎስ 5፥16። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4 በርናባስ መሬቱን ሸጦ ገንዘቡን በሐዋርያት እግር አጠገብ ሲያስቀምጥ ስሙ፣ ነገዱና አገሩ ሳይቀር ተጽፎልናል። ሰጪን በስም ማንሣት ኃጢአት ቢሆን ሉቃስ ለምን ጻፈው? በእኛም አገር ብራና ያስጻፈ ሰው ስሙ በመጽሐፉ ውስጥ ይገባል፤ ሥዕል ያሣለ ባላባት ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ ይሣላል። ነገሩ ትናንት ከማይክ ጋር የመጣ አይደለም።

ሁለተኛው የሥራ ጉዳይ ነው። ጣራ የሚገባው ክረምት ሳይደርስ ነው። ብረትና ሲሚንቶ በየወሩ ዋጋው ይጨምራል፤ በሙዳየ ምጽዋት ብቻ የሚጠራቀም ገንዘብ አይደርስበትም። በጉባኤ ፊት «እኔ ይህን ያህል» ያለ ሰው ደግሞ ቃሉን ማጠፍ ይከብደዋል። የሰው ፊት ማፈር ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ብዙዎቻችንን ከስንፍና የሚያወጣን እሱ ነው።

ወለተ ጽዮን፦ ወንድሜ፣ 5፥16ን ስትጠቅስ 6፥1ም ከዚያው ተራራ፣ ከዚያው ስብከት መሆኑን አትርሳ። በመጀመሪያው ሰው አይቶ የሚያከብረው አብን ነው። በሁለተኛው ሰጪው «ለመታየት» ብሎ ያደርጋል፤ ዋጋውንም እዚያው ይቀበላል። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን እልልታው ለማን እንደሆነ ነው።

በርናባስን ካነሣን ቀጣዩንም ምዕራፍ እናንብብ። ሐናንያና ሰጲራ የሞቱት ከመሬቱ ዋጋ ስላስቀሩ አይደለም። ጴጥሮስ «ሳትሸጠው የአንተ አልነበረምን? ከሸጥኸውስ በኋላ በሥልጣንህ አልነበረምን?» ብሎታል። ግማሹን ይዞ ቢመጣና ግማሽ ነው ቢል ማንም አይነካውም ነበር። የገደለው ሁሉን የሰጠ መስሎ ለመታየት የተናገረው ውሸት ነው። ማይኩ ለዚህ ውሸት መንገዱን ይጠርግለታል፤ ሰውየው ከኪሱ በላይ እንዲናገር ይገፋፋዋል።

አሠራሩን ደግሞ ቀረብ ብለን እንየው። አስተባባሪው ከላይ ይጀምራል፤ 100 ሺህ፣ 50 ሺህ፣ 20 ሺህ እያለ ይወርዳል። በመካከል «ከ10 ሺህ በታች ያላችሁ ቆዩ፣ እንመጣላችኋለን» ይላል። አምስት መቶ ብር ይዛ የቆመችው እናት ብሩን አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ «የቀራችሁ ያላችሁን ጣሉ» ተብሎ ቅርጫት ሲዞር የእሷን ስም የሚጠራ የለም። ጌታ በማርቆስ 12 በመዝገቡ ፊት ለፊት ተቀምጦ «ከሁሉ አብልጣ ሰጠች» ያለው ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ነበር። የእኛ ቅደም ተከተል የእሱን ገልብጦ የያዘ ነው። ያዕቆብ በምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ላደረገው «አንተ በዚህ በመልካም ስፍራ ተቀመጥ» የሚሉትን የገሠጸውም ለዚህ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛ፦ ስለ ልብ የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው። እኔ ስለ መዝገቡ ልናገር፤ የሕንፃ ኮሚቴ «በጉባኤ ፊት ቃል የገባ ሰው ቃሉን አያጥፍም» ያለው በተግባር አይጸናምና።

በማይክ የሚጠራው ገንዘብ ሦስት ዓይነት ነው፤ በእጅ የተሰጠ፣ በባንክ ወይም በቴሌብር የገባ፣ «እሰጣለሁ» የተባለ። አንባቢው ሦስቱንም አንድ ላይ ይደምርና «ዛሬ 3 ሚሊዮን ብር ተገኘ» ብሎ ያውጃል። ከዚህ ውስጥ 1 ሚሊዮን 200 ሺው ብቻ በእጅ ያለ ነው እንበል። ኮሚቴው በ3 ሚሊዮኑ ተማምኖ ከተቋራጩ ጋር ይፈራረማል፤ ቅድመ ክፍያ ይከፍላል፤ ግንቡ ይቆምና ጣራው ጋ ሲደርስ ገንዘቡ ያልቃል። ያን ጊዜ ሕዝቡ ስሙ የተጠራውን ሰው አይጠይቅም፤ «3 ሚሊዮን ብር የት ገባ?» ብሎ ሰበካ ጉባኤውን ይጠረጥራል። ያልበላው ሰው ሌባ ተብሎ ይቀራል። የማይኩ ትልቁ ጉዳት ለእኔ ይህ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቃል የተገባው በተለየ መዝገብ ይያዝ፤ ስም፣ ስልክ፣ መጠን፣ የሚከፈልበት ቀን። ገቢ ተብሎ የሚነገረው ደረሰኝ የተቆረጠለት ብቻ ይሁን። ውል የሚፈረመው ባንክ ባለው ብር ልክ ይሁን፤ ቃል በተገባው ልክ አይሁን።

ሙዳየ ምጽዋትም ሲከፈት ሦስት ቁልፍ በሦስት ሰው እጅ ይሁን፤ አንዱ የካህናት ወገን፣ አንዱ የምእመናን፣ አንዱ የሒሳብ ክፍል። ቆጣሪዎቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ገንዘቡ በጠረጴዛው መካከል ይፈስሳል። መጀመሪያ በየዓይነቱ ይለያል፤ ባለ 200፣ ባለ 100፣ ባለ 50፣ ባለ 10፣ ሳንቲም። መቶ መቶ ቅጠል ይታሰራል፤ የባለ 200 አንዱ እሥር 20 ሺህ ብር ነው። አንዱ የቆጠረውን ሌላው ይደግመዋል። ልዩነት ከመጣ ያ እሥር ብቻ ይፈታል። ቃለ ጉባኤው እዚያው ተጽፎ ይፈረማል፤ ገንዘቡ ባንክ በተከፈተ ዕለት ይገባል፤ የባንኩ ወረቀት ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዛል። ድምሩ በሚቀጥለው እሑድ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የማንም ስም በማይክ አልተጠራም፤ ነገር ግን አንድ ብር አልጠፋም።

ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ያደረገው ይህን ነው። ስለ ገንዘቡ ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ ቲቶንና በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጠ ወንድም አብሮ ላከ። ማን ምን ያህል እንደሰጠ ግን አልዘረዘረም።

የሕንፃ ኮሚቴ፦ የመዝገቡን ተቀብያለሁ፤ ትክክል ነው። ነገር ግን ያው ምዕራፍ ጳውሎስ የመቄዶንያን ልግስና ለቆሮንቶስ ነግሮ ሲያነሣሣ ነው የሚጀምረው። እኔም ይህን ነው የምለው።

ሒሳብ ሠራተኛ፦ አዎ፣ ቤተ ክርስቲያንን በቤተ ክርስቲያን አነሣሣ። የግለሰብ ስምና መጠን ግን አልጠራም። የአንዱን ሰፈር ማኅበር ድምር ለሌላው ማንበብ ይቻላል፤ እኔ አልቃወምም።

ዘድጓ፦ የብራናው ነገር በቸልታ መታለፍ የለበትም፤ የሕንፃ ኮሚቴ ያነሣው እውነት ነው። በተአምረ ማርያም በየተአምሩ መግቢያ ያስጻፈው ሰው ስም ይገባል፤ በሥዕልም ግርጌ ሥዕሉን ያሣለው ሰው ተደፍቶ ይታያል። ነገር ግን ስሙ ለምን እንደገባ እንመልከት። ልመና ነው፤ «ጸሎቷና በረከቷ ከእገሌ ጋር ይሁን» ለማለት ነው። የተደፋውም ሰው ሲደፋ ነው የተሣለው፤ ቆሞ ሲጨበጨብለት አይደለም።

ለጸሎት ስም ስንሰጥ ደግሞ የምንሰጠው የክርስትና ስማችንን ነው። ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ ኃይለ ሚካኤል። ካህኑ በቅዳሴ ሲያስበን አቶ፣ ኢንጂነር፣ ሀብታም፣ ድኻ የሚባል የለም። ማይኩ ላይ የሚነበበው ግን የዓለም ስም ከነማዕረጉ፣ ከነድርጅቱ፣ ከነብሩ ነው። ሁለቱ ስሞች የሚጠሩት ለሁለት የተለያዩ ጆሮዎች ነው፤ አንዱ ለእግዚአብሔር፣ አንዱ ለጎረቤት። የቱን እንደምንጽፍ እያየን ዓላማችንን ማወቅ እንችላለን።

በቅዳሴያችን መባ ለሚያቀርቡ የሚጸለይ ጸሎት አለ። ብዙም ቢሆን ጥቂትም ቢሆን፣ በስውርም ቢሆን በግልጽም ቢሆን ላቀረቡት ይለምናል፤ ቀጥሎም ሊሰጡ ወድደው የሚሰጡት ለሌላቸው ይለምናል። «በግልጽ» ማለቱን ለሕንፃ ኮሚቴ እተውለታለሁ፤ በግልጽ መስጠት በራሱ አልተከለከለም። ባዶ እጁን የቆመው ግን ከሰጪዎቹ ጋር በአንድ ጸሎት ተቆጥሯል። በማይኩ ዝርዝር እሱ የት አለ?

ከአሜሪካ፦ እዚህ ደግሞ «ለግብር ስሙ ያስፈልጋል» የሚል ምክንያት ይቀርባል። አያስፈልግም። የአሜሪካ ሕግ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ ለሰጠ ሰው፣ ከግብር ማስቀነስ ከፈለገ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ የጽሑፍ ማረጋገጫ እንዲኖረው ይጠይቃል። በማረጋገጫው ላይ መጠኑና በምላሹ የተሰጠው ነገር ካለ እሱ ይጻፋል። ለምሳሌ ለራት ግብዣ ትኬት ከ75 ዶላር በላይ ከተከፈለ የምግቡ ግምት ተቀንሶ መገለጽ አለበት። ይህ ሁሉ በፖስታ ወይም በኢሜይል ለባለቤቱ ብቻ የሚላክ ወረቀት ነው።

በቀጥታ ስርጭት ገንዘብ ሲሰበሰብ ያለው ጉዳት ግን ከአዳራሽ ይበልጣል። በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) የላከ ሰው ስም በስክሪን ላይ ይሮጣል፤ ቪዲዮው ደግሞ አይጠፋም። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቹ «ለቤተ ክርስቲያን 1000 ዶላር ሰጥቶ ለእናቱ ሕክምና የለኝም አለ» ይላሉ። ስሙ እንዳይቀር ብሎ በክሬዲት ካርድ ተበድሮ የሚሰጥም አለ። 2ኛ ቆሮንቶስ 9፥7 «በኀዘን ወይም በግድ አይደለም» የሚለው እዚህ ላይ ነው የሚፈርሰው።

ቤተልሔም፦ እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፤ በእኛም ዘንድ በሽታው አለ፣ መልኩ ነው የሚለየው። «ዘር ዝሩ፣ ይህን ያህል የምትዘሩ ሰባት ሰዎች ተነሡ» ይባላል፤ የተነሣው በሕዝብ ፊት ይጸለይለታል፤ ያልተነሣው በረከት ያመለጠው እየመሰለው ይወጣል። ይህን በግልጽ ማውገዝ ያለብን እኛው ነን።

የሚሠራ ሆኖ ያየሁት የቁጥር ፖስታ ነው። ለእያንዳንዱ አባል ለዓመቱ 52 ፖስታ ይሰጠዋል፤ በላዩ ላይ ስም የለም፣ የአባል ቁጥር ብቻ አለ። ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚያውቀው አንድ መዝጋቢ ነው፤ ቆጣሪዎቹ እንኳ አያውቁም። ባዶ ፖስታ መጣልም ይቻላል፤ ማንም ስለማያይ የሌለው ሰው አያፍርም። 1ኛ ቆሮንቶስ 16፥2 የሚለውም ይኸው ነው፤ ጳውሎስ እሱ በመጣ ጊዜ መዋጮ እንዳይሆን በየሳምንቱ በፊተኛው ቀን እያንዳንዱ እንደ ቀናው መጠን ያስቀምጥ አለ። ትልቅ ሰባኪ ጠርቶ በአንድ ቀን ማሰባሰብን አስቀድሞ ያስቀረ ሥርዓት ነው።

የጥንት አይሁድም ይህን ያውቁ ነበር። ሚሽና የተባለው የሕጋቸው መድብል እንደሚነግረን በመቅደሱ 13 የቀንደ መለከት ቅርጽ ያላቸው የገንዘብ ሣጥኖች ነበሩ። ከዚያ ሌላ «የስውሮች ክፍል» የሚባል ነበር፤ ሰጪው በስውር ገብቶ ያስቀምጣል፣ ከደህና ቤተሰብ የተወለደ ድኻ ደግሞ በስውር ከዚያ ይረዳል። የተቀባዩም ክብር አብሮ ተጠብቋል።

ወለተ ጽዮን፦ ስለ ተቀባዩ ማንሣትሽ ጥሩ ነው እኅቴ። ለበዓል ዘይትና ዱቄት ሲታደል ድኾቹን አሰልፎ፣ ፊታቸውን አቅንቶ ፎቶ ማንሣት ከሰጪው ስም የባሰ ነገር ነው። ሰጪው ቢያንስ ወድዶ ነው ስሙ የሚጠራው።

ሌላም አለ። ዲድስቅልያ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ ድኻን ከሚበድልና ከሚቀማ ሰው መባ አትቀበሉ ይላል። በማይክ የተመሰገነን ሰው ግን ነገ ማን ይገሥጸዋል? የሠራተኛ ደመወዝ የከለከለ ነጋዴ መጋረጃ አሠርቶ «መታሰቢያነቱ ለእገሌ» ብሎ በወርቅ ክር ካስጠለፈ፣ መጋረጃው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የሚያነበው ያ የተበደለው ሠራተኛ ነው። ከቅዳሴው ምን ይዞ ይሄዳል?

የሕንፃ ኮሚቴ፦ ይህ ከበደኝ፤ አልመልስም። ግን ተግባራዊ ነገር ልጠይቅ። ስም ባይጠራ ገቢው በመጀመሪያው ዓመት ይወድቃል፤ ይህን ማንም እንዳይክድ። ጣራው ደግሞ አይጠብቅም።

ሒሳብ ሠራተኛ፦ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ሕዝቡ የሚሰማው ሌላ ነገር ይኑር፤ ዕቃውን አንብቡለት። መሐንዲሱ የሠራውን ዝርዝር ወስዳችሁ በትልቅ ወረቀት ለጥፉ፤ ይህን ያህል ኩንታል ሲሚንቶ፣ ይህን ያህል ቆርቆሮ፣ ይህን ያህል ብረት፣ የእያንዳንዱ ነጠላ ዋጋ ከጎኑ። አንድ ቆርቆሮ የሚችል አንድ ቆርቆሮ ይሰጣል። በየሳምንቱ የተሟላውን እየሰረዛችሁ «ቆርቆሮው አልቋል፣ ሚስማርና ማገር ቀርቷል» በሉ። ማይኩ ያን ጊዜ ስለ ሥራው ይናገራል። ቃል የገቡትን በስልክ በየወሩ ማስታወስ ለሁለት ሰው ይሰጥ፤ ስማቸውን በጉባኤ ማንበብ አያስፈልግም።

የሕንፃ ኮሚቴ፦ ዝርዝሩን መለጠፍ እንችላለን። ስምን በተመለከተ መምህር ዘድጓ ያሉትን ልቀበል፤ ከጉባኤው በኋላ የክርስትና ስም ብቻ፣ መጠን ሳይጠራ፣ በጸሎት ይነበብ። ያም ቢሆን ሰጪዎቹ ናቸው የሚነበቡት፤ ያን ያህል መለየት ፍትሕ ይመስለኛል።

ዘድጓ፦ የስም መዝገቡን ከገንዘብ መቀበያው ጠረጴዛ አርቁት። በሌላ በር አጠገብ፣ አንድ ዲያቆን ይዞት ይቀመጥ። የሰጠም ያልሰጠም እየመጣ የክርስትና ስሙን ያስጽፍ፤ ገጹ ላይ የብር ዓምድ አይኑር። ካህኑ ሲያነብ ያች ነጠላዋ ጫፍ ላይ የቋጠረችው እናትም፣ ምንም ያልነበረውም እዚያው ውስጥ ይሰማሉ።

የሕንፃ ኮሚቴ፦ ለመጪው ንግሥ ሁለት ጠረጴዛ ይዘጋጅ ብዬ ለኮሚቴው አቀርባለሁ። የሰበካ ጉባኤው ስብሰባ ሐሙስ ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛ የቃል መዝገቡን ቅጽ እስከ ረቡዕ ላክልኝ።