እናቴ ጨረር ጨርሳ ጎንደር ከገባች በኋላ ጡቷ ጠጠረ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እናቴ እኔ ዘንድ ጀርመን መጥታ በጡት ካንሰር ምክንያት ጡቷን ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ጨረሩንም ጨርሳ አምና ጎንደር ገባች። ቁስሉ ድኖ ነበር። ሰሞኑን ግን የታከመው ጡት ጠጥሮ ቆዳው ወደ ውስጥ ተሰብስቧል። ጎረቤቱ «ተመልሶባት ነው» ይላል፤ አክስቴ ቅቤ እየቀባቻት ነው። ከሩቅ ሆኜ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ውጭ አገር በካንሰር ክፍል ነርስ ነበርኩ፤ አሁን ጎንደር ነኝ። የተለመደው የጨረር ቃጠሎ ሕክምናው በተጀመረ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ይመጣል፤ ካበቃም በኋላ ትንሽ ብሶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሽራል። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ ጎልቶ ስለማይታይና ቦታው ስለሚጠቁር፣ የውጭ ሐኪሞች እንኳ አንዳንዴ ያልፉታል። የእናታችን ግን የዚህ ቃጠሎ ጊዜ አልፏል።

ወራት ወይም ዓመታት ቆይቶ ጡትን የሚያጠጥርና የሚያሳንስ ሞርፊያ የሚባል የቆዳ ሕመም አለ። በጡት ካንሰር ጨረር ከወሰዱ 500 ሴቶች አንዷን ገደማ ያገኛል። ካንሰርም ኢንፌክሽንም አይደለም፤ ችግሩ ሁለቱንም መምሰሉ ነው። ስለዚህ ጎረቤትም፣ እኔም፣ ፎቶ የተላከለት ሐኪምም መፍረድ አንችልም፤ ናሙና ተወስዶ ይመርመር። አዲስ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት)፣ ለምሳሌ ዶሴታክሴል ወይም ዶክሶሩቢሲን፣ ተጀምሮላቸው ከሆነም ለሐኪሞቹ ንገሪ፤ መድኃኒቱ ድሮ ጨረር ያረፈበትን ቦታ ብቻ፣ ድንበሩን ጠብቆ፣ እንደገና ሊያስቆጣው ይችላል። ሳይመታ የበለዘ የሚመስል ሐምራዊ ምልክት ከታየ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ብርቅ ቢሆንም ከጨረር ዓመታት በኋላ ከደም ሥር የሚነሣ ካንሰር እንዲህ ይጀምራል።

ያንቺ ድርሻ ወረቀቱ ነው። የጨረሩን ማጠቃለያ ከታከሙበት ሆስፒታል ጠይቂ፦ የትኛው ጡት፣ ብብቱ ተካቶ እንደሆነ፣ ስንት ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በስንት ጊዜ ተከፍሎ (40 ግሬይ በ15 ጊዜ እንደሚባለው)፣ መቼ እንዳበቃ። በእንግሊዝኛ ይጻፉልሽ፤ ጀርመንኛውን እዚህ ማን ያነብበዋል? ቅቤው እስኪመረመሩ ይቅር፤ አክስትሽን ግን አትቆጫቸው፣ እናትሽን የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው።

ሌላ ሰው፦ ለጥምቀትም ፋሲል መዋኛ ዳር ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ እንዳይቆሙ። የታከመው ቦታ በነጠላ ይሸፈን።

ጠያቂዋ፦ አመሰግናለሁ። ነገ እደውላለሁ። ናሙናው አዲስ አበባ ድረስ ያስኬዳታል?

መልስ፦ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆዳም፣ ናሙና የሚመረምረው የፓቶሎጂም ክፍል አለው። ከዚያ ይጀመር፤ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ከማንገላታትሽ በፊት።