የአባቴ ሲኤ 19-9 ወጣ ወረደ እያለ ተቸግረናል

እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ። አባቴ የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው በናሙና ተረጋግጧል። ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ሲመረመሩ ሲኤ 19-9 የሚባለው፣ የቆሽት ካንሰርን ለመከታተል በደም የሚለካው ንጥረ ነገር 840 ነበር፤ መደበኛው ከ37 በታች ነው። በተዘጋው የሐሞት ቱቦ ስቴንት (መተላለፊያውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ገብቶላቸው ቢጫነቱ ሲለቅ ወደ 210 ወረደ። ቤተሰቡ ሁሉ እፎይ አለ። ሐኪማቸው ግን የሐሞት መዘጋት ብቻውን ቁጥሩን ከፍ ስለሚያደርገው እንደ መነሻ የሚያዘው 210 ነው ብለው አስረዱን። እስከዚህ ገብቶኛል።

የጨነቀኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ኬሞቴራፒ ጀምረው ሳለ ቁጥሩ 290 ደረሰ፤ ሲቲ ስካኑ ግን ዕጢው አላደገም ይላል። ቢሊሩቢኑም (ሐሞት ሲዘጋ በደም ውስጥ ተጠራቅሞ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ንጥረ ነገር) ትንሽ ከፍ ብሏል። ስቴንቱ እንደገና እየተደፈነ ይሆን ወይስ መድኃኒቱ አልሠራላቸውም? ኬሞው ከመቀየሩ በፊት ምን እንዲታይ ልጠይቅ?

ሌላው የዘረመል ምርመራ ነው። በዘር የሚተላለፍ የብራካ (BRCA፣ ሲለወጥ ለጡትና ለቆሽት ካንሰር የሚያጋልጥ ዘረመል) ለውጥ ያለባቸው ታማሚዎች ፕላቲነም ላለው ኬሞ የተሻለ ምላሽ እንደሚሰጡ፣ በሽታው የተሠራጨባቸው ደግሞ በዚያ ኬሞ ከተረጋጋላቸው ኦላፓሪብ የሚባል እንክብል ሊታዘዝላቸው እንደሚችል አንብቤያለሁ። አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ በጡት ካንሰር ስለሆነ ያረፈችው ነገሩን ችላ ማለት አልቻልኩም። እስካሁን ያነሳልን የለም። የደም ናሙና ብቻ ይበቃል ወይስ ከዕጢውም መወሰድ አለበት?

ታናሽ ወንድሜ እኛም ሲኤ 19-9 እንመርመር ይላል። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ጭራሽ አያመነጨውም፣ በቆሽት ብግነትም ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ለጤነኛ ሰው መተማመኛ አይመስለኝም። ለእኛስ የሚሻለው የትኛው ምርመራ ነው?