የዓመት ክፍያ ያለው የጉዞ ካርድ ያዋጣናል ወይስ ይቅርብን? (ጥያቄና መልስ)

መንገደኛዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አሜሪካ ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆች። በዓመት አንዴ ራቅ ያለ የውጭ ጉዞ እንሄዳለን። እስካሁን የያዝነው የዓመት ክፍያ የሌለው፣ በሁሉም ግዢ ላይ 2 በመቶ የሚመልስ ካርድ ነው። አሁን የጉዞ ካርድ ልናወጣ አስበን በሦስት መሀል ተወዛገብን፦ ቼዝ ሳፋየር ፕሪፈርድ (በዓመት 95 ዶላር)፣ ካፒታል ዋን ቬንቸር (እሱም 95) እና ቬንቸር ኤክስ (395)። ባለቤቴ "ላውንጅ (የአየር ማረፊያ ልዩ ማረፊያ ክፍል) ለመግባት ብለን 395 እንከፍላለን?" ይላል።

በካርድ የምናወጣው በዓመት 28,000 ዶላር ገደማ ነው። ምግብ ቤት 3,000፣ ጉዞ 3,500፣ የቀረው አስቤዛ፣ ነዳጅና ልዩ ልዩ። ዕዳ አናሳድርም፤ በየወሩ ሙሉውን እንከፍላለን። እባካችሁ የሚያውቅ ይንገረን።

ሒሳብ ወዳድ

እህቴ፣ ወጪሽን በቁጥር ማስቀመጥሽ ግማሹን ሥራ ጨረሰልን። ሦስቱን እርስ በርስ ከማወዳደርሽ በፊት ግን አሁን እጅሽ ላይ ካለው ካርድ ጋር አወዳድሪያቸው። ዋናው ተፎካካሪያቸው እሱ ነው።

የአሁኑ ካርድሽ ከ28,000 ላይ 560 ዶላር ይመልስልሻል፤ ያውም በነፃ። ቬንቸር በየዶላሩ 2 ማይል ይሰጣል፤ 56,000 ማይል ይሆናል። የጉዞ ወጪ ለማካካስ ስትጠቀሚበት አንዱ ማይል 1 ሳንቲም ነው፤ ያው 560 ዶላር። 95ቱ ሲነሳ 465 ይቀርሻል። ሳፋየር ለምግብ ቤት 3፣ ለጉዞ 2፣ ለቀረው በጥቅሉ 1 ነጥብ ይሰጣል። ተደምሮ 37,500 ነጥብ ነው፤ በ1 ሳንቲም ሲታሰብ 375፣ ክፍያው ሲነሳ 280 ዶላር።

ስለዚህ ሁለቱም ከያዝሽው ካርድ ያንሳሉ፤ ነጥቡን ወይም ማይሉን ወደ አየር መንገድ የማይል ሒሳብ አዛውረሽ፣ ትኬት ገዝተሽበት፣ ከ1 ሳንቲም በላይ ካላወጣሽበት በቀር። ከአሁኑ ካርድሽ ጋር እኩል ለመሆን የቬንቸር ማይል 1.17 ሳንቲም ገደማ ማውጣት አለበት። የሳፋየር ነጥብ ደግሞ 1.75። የሳፋየሩ ለእናንተ ወጪ ከበድ ይላል፤ አብዛኛው ገንዘባችሁ የሚሄደው 1 ነጥብ በሚያስገኘው ላይ ነውና።

የመግቢያ ቦነሱን (ለአዲስ ካርድ አውጪ የሚሰጠውን) ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ቦነሱ ሁሉንም ካርድ ያሳምራል። ካርዱ የሚፈተነው በሁለተኛው ዓመት ነው።

ሻንጣዬ ዝግጁ

እኔ ደግሞ ስለ ቬንቸር ኤክስ ልጨምርበት። በዓመት የ300 ዶላር የጉዞ ክሬዲት (ከጉዞ ወጪ ላይ የሚቀነስ ሒሳብ) አለው፤ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ 10,000 ማይል ይጨምራል። ሲደመር 400 ዶላር ነው፤ 395ቱን ይሸፍናል። ነገር ግን 300ው የሚሠራው በራሱ በካፒታል ዋን የጉዞ ድረ ገጽ ስትገዙ ብቻ ነው። ትኬቱን እዚያና በአየር መንገዱ ገጽ ላይ አስተያዩት። እዚያ 80 ዶላር ከተወደደ ክሬዲቱ 220 ሆነ ማለት ነው። በረራ ሲቀየር ወይም ሲሰረዝም አየር መንገዱ ብዙ ጊዜ "ከገዛችሁበት ጨርሱ" ይላል። ከልጆች ጋር ሲሆን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ላውንጁን በተመለከተ ባለቤትሽ ልክ ነው። ከየካቲት 2026 ወዲህ እንግዳ በነፃ ማስገባት በጣም ተገድቧል፤ ተጨማሪ ካርድ የያዘ ሰውም ለላውንጅ በዓመት 125 ዶላር ይከፍላል። ለአራት ሰው ብላችሁ አትውሰዱት።

ነጥብ አዛዋሪ

ስለ ማዛወሩ እኔ ልጨምር። የሳፋየሩ ባንክ ቼዝ ወደ ዩናይትድ አየር መንገድና ወደ ኤሮፕላን (የኤር ካናዳ የማይል ፕሮግራም ስም ነው) ያዛውራል፤ ካፒታል ዋን ወደ ዩናይትድ ባያዛውርም ወደ ኤሮፕላን ግን ያዛውራል። ዩናይትድም ኤር ካናዳም የስታር አሊያንስ (የአየር መንገዶች ኅብረት) አባል ናቸው፤ በነሱ ማይል እንደ ሉፍታንዛ፣ ተርኪሽና ኢትዮጵያ ባሉ አባል አየር መንገዶች ላይም ወንበር ይያዛል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ትኬቱ በገንዘብ 1,200 ዶላር ነው እንበል። በማይል ደግሞ 70,000 ማይልና 100 ዶላር ታክስ ጠየቃችሁ። 1,100ውን ለ70,000 ስታካፍሉት 1.57 ሳንቲም ይመጣል። ለቬንቸር ያዋጣል፤ ለሳፋየር ግን አልደረሰም።

ችግሩ በአንድ በረራ ላይ አራት የማይል ወንበር ማግኘቱ ነው፤ በትምህርት ቤት ዕረፍት ሰሞን ደግሞ ይብሳል። አደራ፣ መጀመሪያ ወንበሩን ፈልጉ፣ ከዚያ አዛውሩ። አንዴ የተዛወረ ነጥብ አይመለስም።

ቆጣቢ

የውጭ አገር ግብይት ክፍያን ማንም አላነሳውም። 2 በመቶ የሚመልሱ ታዋቂ ካርዶች፣ እንደ ሲቲ ደብል ካሽና ዌልስ ፋርጎ አክቲቭ ካሽ ያሉት፣ ውጭ ስትጠቀሙባቸው 3 በመቶ ይቆርጣሉ። ውጭ 2,000 ዶላር ካወጣችሁ 60 ዶላር ሄደ። ሦስቱም የጉዞ ካርዶች ይህ የለባቸውም። የዓመት ክፍያ የሌለው ቬንቸር ዋንም የለበትም።

መንገደኛዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ረዳችሁኝ። ካርዳችን እውነትም 3 በመቶ ይቆርጣል። የምንጓዘው ደግሞ ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ብቻ ነው። የማይል ወንበር ባናገኝም የቬንቸር ማይል የጉዞ ወጪ ያካክስልናል፤ ስለዚህ ቬንቸርን ለአንድ ዓመት ልንሞክረው ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ በቅርቡ ቤት ልንገዛ አስበናል። ክሬዲታችንን (የብድር ታሪካችንን) ይነካዋል?

ሒሳብ ወዳድ

እንግዲያስ አሁን አታመልክቱ። የቤቱ ብድር ተፈርሞ እስኪያልቅ ጠብቁ። ካፒታል ዋን ብዙ ጊዜ ሦስቱንም የክሬዲት ቢሮዎች (የሰዉን የብድር ታሪክ የሚመዘግቡትን ድርጅቶች) ይጠይቃል፤ ጥያቄው ሪፖርቱ ላይ 2 ዓመት ይቆያል። በ30 ዓመት ብድር ላይ ወለዱ በትንሹም ቢጨምር የየትኛውንም ካርድ ቦነስ ይበላዋል።

ከዚያ በኋላ ስታመለክቱ በአንድ ሰው ስም ብቻ ይሁን። ለቦነሱ የሚጠየቀውን ወጪ፣ ብዙ ጊዜ በ3 ወር 4,000 ዶላር ነው፣ በተለመደው አስቤዛችሁ ሙሉት። የዓመት ክፍያው ከዚያ አይቆጠርም። ሁለተኛው ዓመት ሊገባ ሲል ካላዋጣችሁ ደውላችሁ ወደ ቬንቸር ዋን እንዲቀይሩላችሁ ጠይቁ።